የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነቶቻችን የሚታደሱበትን ቀን ማን ይቆጥራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውጭ ኢንቨስትመንት በተጻፈ ቁጥር ስለ ታክስ እፎይታ፣ ስለ መሬት አቅርቦትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የመንግሥትን እጅ የሚያስረው ሰነድ ግን ስሙም አይነሳም። እሱም የሁለትዮሽ የኢንቨስትመንት ማስፋፊያና ጥበቃ ስምምነት ነው፤ ሁለት መንግሥታት አንዱ የሌላውን ባለሀብት ለመጠበቅ የሚገቡት ውል፣ ተጣሰብኝ ያለ ባለሀብትም መንግሥትን በግልግል ዳኝነት የሚከስበት። የዓለም የመጀመሪያው በ1959 በጀርመንና በፓኪስታን መካከል ተፈረመ፤ ከአዋጅ ቁጥርና «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። ኢትዮጵያ የራሷን የመጀመሪያ ስምምነት ከምዕራብ ጀርመን ጋር የፈረመችው በ1964 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የፈረመቻቸው ከ30 በላይ ሆነዋል።

እኩል ያልሆነ ስምምነት ሲባል የአገራችን ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ውጫሌ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ያ ምሳሌ ያሳስታል። የውጫሌ 17ኛ አንቀጽ ጣጣ አማርኛውና ጣሊያንኛው የተለያየ ነገር መናገራቸው ነበር። የዛሬዎቹ ስምምነቶች በሁሉም ቋንቋ የሚናገሩት አንድ ነው፤ ግዴታውም በወረቀት ላይ ለሁለቱም ወገን እኩል ተጽፏል። የሆላንድ ባለሀብት እዚህ የሚያገኘውን ጥበቃ የኢትዮጵያ ባለሀብትም እዚያ ያገኛል። ግን ሮተርዳም ላይ ፋብሪካ የተከለ ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? ካፒታሉ የሚፈሰው በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ክሱም የሚመጣው በአንድ አቅጣጫ ነው። በዚያ ላይ በእነዚህ ስምምነቶች ከሳሽ የሚሆነው ባለሀብቱ ብቻ ነው። ወንዝ የበከለን ኩባንያ መንግሥት በዚሁ መድረክ ልክሰስ ቢል የሚገባበት በር የለም። ቢበዛ ተከሶ ሳለ የመከላከያ ክስ ያነሳል፤ ያንንም ብዙ የግልግል ጉባኤዎች አይቀበሉትም።

ዋናው ነገር ያለው ስምምነቱ በግልግል ለመከሰስ ፈቃድን አስቀድሞ መስጠቱ ላይ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የፌዴራል መንግሥት ከባለሀብት ጋር ያለውን ውዝግብ በግልግል ዳኝነት ለመጨረስ ሊስማማ ይችላል ይላል፤ መስማማትና አለመስማማት የመንግሥት ምርጫ ነው ማለት ነው። የሁለትዮሽ ስምምነቱ ግን ይህን ምርጫ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ላልመጣ፣ ማንነቱ ላልታወቀ ባለሀብት ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል።

ኢትዮጵያ በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ያለው የኢንቨስትመንት ውዝግቦች መፍቻ ማዕከል፣ ማለትም የኢክሲድ፣ አባል ስላልሆነች አትከሰስም የሚል እምነት በባለሙያዎች ዘንድ እንኳ ይሰማል። ኮንቬንሽኑን በ1965 ፈርማ እስካሁን አለማጽደቋ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስምምነቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ መንገድ ይከፍታሉ፤ በተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን (ዩንሲትራል) ደንብ የሚሰየም ጊዜያዊ ጉባኤ። የዚያ ጉባኤ ውሳኔ የሚፈጸመው በ1958ቱ የኒውዮርክ ኮንቬንሽን ነው። ኢትዮጵያ ይህን ኮንቬንሽን የተቀበለችው በ2020 ነው፤ ባትቀበለውም ግን ብዙ አያድናትም ነበር፤ ንብረታችን የሚገኝበት አገር አባል መሆኑ ለከሳሹ ይበቃዋልና።

ይህ በሐሳብ ደረጃ የቀረ አይደለም። በአፋር ዳናኪል የፖታሽ ፕሮጀክት የነበረው የእስራኤሉ አይሲኤል በ2016 ከታክስ ባለሥልጣኑ ጋር ተጣልቶ ለቆ ወጣ፤ የተጠየቀው ታክስ ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ ሔግ በሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ተከሰሰች። ከሳሹ የኩባንያው የሆላንድ ቅርንጫፍ ነው፤ የተጠቀሰውም የ2003ቱ የኢትዮጵያና የሆላንድ ስምምነት ነው። የእስራኤል ኩባንያ በሆላንድ ስምምነት ለምን ይከሳል? የሆላንድ ስምምነቶች «ዜጋ» የሚለውን ቃል አስፍተው ስለሚተረጉሙ ነው። በሆላንድ ሕግ የተቋቋመ ድርጅት ሁሉ፣ አምስተርዳም ላይ ያለው አንድ የፖስታ ሳጥን ብቻ ቢሆንም፣ የሆላንድ ባለሀብት ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአንድ አገር ጋር ሲፈረም በተግባር የሚፈረመው በዚያ አገር ወረቀት ካወጣ ከማንኛውም የዓለም ኩባንያ ጋር ነው። መድኃኒቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ባለሀብቱ በመሠረተበት አገር እውነተኛ የንግድ ሥራ ይኑረው የሚል መስፈርት፣ ከዚያም ይህን ያላሟላውን ጥበቃ የመንፈግ መብት። ሆላንድ ራሷ በ2019 ባወጣችው ሞዴል ስምምነት ላይ እውነተኛ የንግድ ሥራ የሚለውን መስፈርት አስገብታለች። እንግዲህ ይህን መጠየቅ ጠብ አያሰኝም፤ ባለቤቱ ራሱ የተወውን አሮጌ ልብስ እኛ ለብሰን እንዳንቀር ነው።

ከአንቀጾቹ ውስጥ ሰው የሚፈራው መውረስን የሚመለከተውን ነው። በተግባር ግን አገሮችን የሚያስረታው ብዙ ጊዜ «ፍትሐዊና ርትዓዊ አያያዝ» የሚለው፣ ሁለት መስመር የማይሞላ ሐረግ ነው። ማን ይቃወመዋል? ምን ማለት እንደሆነ ስምምነቱ ስለማይናገር ግን ትርጉሙን የሚሰጡት ለዚያ ጉዳይ ብቻ የተሰየሙ ሦስት የግልግል ዳኞች ናቸው፤ ይግባኝም የለውም። ባለሀብቱ ሲገባ የነበረው ሕግ ተቀየረብኝ፣ ባለሥልጣን በቃል ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር የሚሉ ክርክሮች በዚህ ሐረግ በኩል ገብተው ያውቃሉ።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለሌላ አገር ባለሀብት የሰጠኸውን ለኔም ስጠኝ የሚለው ነው። ሕንድ የዚህን ዋጋ በ2011 አየችው። አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ በእጁ የነበረ የግልግል ውሳኔ በሕንድ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ሲጓተትበት ከሰሰ። የአውስትራሊያው ስምምነት ስለ ፍርድ ቤት መዘግየት አንዳች አይልም ነበር። ኩባንያው በዚህ አንቀጽ ተሻግሮ ሕንድ ከኩዌት ጋር ከፈረመችው ስምምነት አንድ ሐረግ ተዋሰና ረታ። ገንዘቡ 4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ሕንድ በኋላ ከ50 በላይ ስምምነቶቿን እንድታፈርስ ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የኛ ተደራዳሪዎች ከአንድ አገር ጋር ስንት ሌሊት ተከራክረው ያጠበቡት አንቀጽ፣ ከሌላ አገር ጋር በችኮላ በተፈረመ ሰነድ በኩል ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል። አንዱ ስምምነት ከሠላሳዎቹ ተለይቶ የማይነበበው ለዚህ ነው።

ለአገራችን ከሁሉም ይበልጥ አሳሳቢ ሆኖ የምናየው ገንዘብ ማዘዋወርን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። የቆዩት ስምምነቶች ትርፍ፣ የብድር ክፍያና የሽያጭ ገንዘብ «ያለ መዘግየት» በሚለወጥ ገንዘብ ይወጣል ይላሉ። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የትርፍ ድርሻ ለመላክ በባንክ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ የክፍያ ሚዛን ችግር ግን ተመልሶ አይመጣም የሚል ሰው የለም። አዳዲስ ስምምነቶች ለእንዲህ ያለ ጊዜ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ በማንም ላይ አድልዎ ሳይደረግ፣ ዝውውርን መገደብ ይቻላል ይላሉ። ይህ ሐረግ በሌለበት ስምምነት ግን የባንኩ አንድ መመሪያ በቀጥታ የስምምነት ጥሰት ሊባል ይችላል። አርጀንቲና ከ2001ዱ ቀውስ በኋላ በወሰደችው እርምጃ ከ40 በላይ ክሶች እንደዘነቡባት ልብ ይሏል። አሁን የባንክ ዘርፉ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ባንክ ማለት ደግሞ የምንዛሪ ደንብ በተቀየረ ቁጥር የሚነካ ኢንቨስትመንት ነው። በሩን ከመክፈት በፊት ወይም ቢያንስ አብሮ መታየት የነበረበት የአሮጌዎቹ ስምምነቶች የዝውውር አንቀጽ ነው።

የካሳ ስሌቱ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ቁጥሮቹ ለምን እንደሚያብጡ የሚገባው እዚህ ነውና። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩባንያ ለጥናት 5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ፣ አንድ ኪሎ ማዕድን ሳያወጣ ፈቃዱ ተሰረዘበት እንበል። ያወጣው ይመለስለት ቢባል 5 ሚሊዮን ነው። እሱ ግን ማዕድኑ ቢወጣ ኖሮ በዓመት 20 ሚሊዮን፣ ለ30 ዓመት አተርፍ ነበር ብሎ ይከራከራል። ይህ የወደፊት ገቢ በ10 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲቀነስ 188 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የአገሪቱና የሥራው ሥጋት ታስቦ 20 በመቶ ቢያዝ ወደ 100 ሚሊዮን ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው 88 ሚሊዮን የሚወሰነው በሁለት ተከፋይ የፋይናንስ ባለሙያዎች ክርክር ነው። በዚያ ላይ ወለድ አለ፤ 8 በመቶ የወለድ ወለድ ሲታሰብ ዕዳው በ9 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስምምነት ሲደራደሩ «ተገቢ የገበያ ዋጋ» ብሎ መተውና፣ ሥራ ያልጀመረ ፕሮጀክት ካሳ ከወጣው ወጪ አይበልጥም ብሎ መጻፍ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የፓኪስታኑ ሬኮ ዲክ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የታየበት ነው። የመዳብና የወርቅ ክምችቱን ያጠናው ኩባንያ ያወጣው ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2011 የማዕድን ማውጣት ፈቃድ ተከለከለ። በሐምሌ 2019 በአውስትራሊያና በፓኪስታን ስምምነት መሠረት የተሰየመው ጉባኤ ካሳውንና ወለዱን ደምሮ ወደ 5.9 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ። በዚያው ወር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለፓኪስታን ኢኮኖሚ መደገፊያ ያጸደቀው ብድር 6 ቢሊዮን ነበር። ኋላም ከሳሾቹ የፓኪስታን አየር መንገድ ንብረት የሆነውን የኒውዮርኩን ሩዝቬልት ሆቴል ለማሳገድ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ለጥቂት ወራት ተሳክቶላቸው በ2021 ተሻረ። ጉዳዩ በመጨረሻ በድርድር አለቀ።

ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ከቁጥሩ ይልቅ ፈቃዱን የከለከለው ማን መሆኑ ነው። የባሉቺስታን ግዛት መንግሥት እንጂ ኢስላማባድ አልነበረችም። በዓለም አቀፍ ሕግ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ማዘጋጃ ቤት ሁሉም «መንግሥት» ነው። ሜክሲኮ በ2000 ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር የተፈረደባት አንድ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃን የግንባታ ፈቃድ ስለከለከለ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሐሳብ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የፈቃዱ አሠራር ግን የተምታታ ነበር። በኛ አገር መሬት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው፤ ስምምነቱን የሚፈርመው ግን ፌዴራል መንግሥት ነው። የክልል ኢንቨስትመንት ቢሮ ሠራተኛ የሊዝ ውል የሚያቋርጥ ደብዳቤ ሲጽፍ ሔግን አያስብም። ሊያስብም አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የባለሀብቱን ዜግነትና የባለቤትነት ሰንሰለት አጣርቶ ፍትሕ ሚኒስቴርን መጠየቅ ነው። ከሁሉም የሚጎዳው ምክንያት ያልተጻፈበት፣ ማስጠንቀቂያ ያልቀደመው፣ መልስ ለመስጠት ጊዜ ያልተሰጠበት ስረዛ ነው። ተመሳሳዩ ስረዛ በሥርዓቱ ቢፈጸም መንግሥት ብዙ ጊዜ ክሱን ያሸንፋል።

ዕዳው ሲመጣ ደግሞ በአውሮፕላን ይመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታንዛኒያ ባጋሞዮ ላይ በታሰበ የስኳር ፕሮጀክት ለስዊድን ኩባንያ ወደ 165 ሚሊዮን ዶላር በ2022 ተፈረደባት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኤር ታንዛኒያ አንድ ኤርባስ ሆላንድ ውስጥ ታገደ። በሌላ ጉዳይ ያቺው አገር በ2017 አንድ የማዕድን ፈቃድ ዓይነትን በሕግ ሰርዛ ወደ 109 ሚሊዮን ተፈርዶባት በ90 ሚሊዮን ታርቃለች። ከመቶ በላይ አውሮፕላን በየአህጉሩ የምታሳርፍ አገር ይህን በቸልታ ማየት የለባትም።

ታንዛኒያ ግን አንድ ነገር በጊዜው አድርጋለች። ከሆላንድ ጋር የነበራት ስምምነት ለ15 ዓመት የጸና ነበር፤ ከማብቂያው ስድስት ወር በፊት ማስታወቂያ ካልተሰጠ በዝምታ ለ10 ዓመት ይታደሳል። ማስታወቂያውን በ2018 ሰጠች፤ ስምምነቱም ሚያዝያ 1 ቀን 2019 አበቃ። ያም ሆኖ ከዚያ በፊት የገቡት ባለሀብቶች ለተጨማሪ 15 ዓመት ይጠበቃሉ፤ ስምምነቶቹ ጅራት አላቸውና። ቀኑ በአንድ ሳምንት ቢያልፋት ኖሮ ጅራቱ መቆጠር የሚጀምረው ከ2029 ነበር።

የኛ ስምምነቶች አብዛኞቹ የተፈረሙት በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ነው። የ10 ወይም የ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ዘመን በብዙዎቹ ላይ አልፏል። አንዳንድ ስምምነቶች ከመጀመሪያው ዘመን በኋላ በማንኛውም ጊዜ በአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይፈርሳሉ፤ ሌሎቹ እንደ ሆላንዱ በአሥር ዓመት አንዴ የሚከፈት መስኮት አላቸው። ሁለቱ ዓይነቶች መለየት አለባቸው፤ መጀመሪያ መነካት ያለባቸው መስኮታቸው የሚዘጋው ናቸው።

ማፍረስ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ርካሹም አይደለም። ሕንድ በ2016 ለ25 አገሮች የጋራ የትርጉም መግለጫ ላከች፤ ባንግላዴሽ በቀጣዩ ዓመት ፈረመች። ይህ አዲስ ስምምነት ሳይሆን ሁለቱ መንግሥታት «ፍትሐዊ አያያዝ ስንል ይህን ማለታችን ነው» የሚሉበት ጥቂት ገጽ ነው። ለግልግል ዳኞቹ ከባድ ማስረጃ ይሆናል፤ ክስ ከመጣ በኋላ ሲደረግ ግን ዋጋው ይወድቃል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ጅራቱም ይቆረጣል፤ 23 የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በ2020 እርስ በርሳቸው የነበሯቸውን ስምምነቶች ሲያፈርሱ ያደረጉት ይህንን ነው። ኢትዮጵያም ሌላ ዓይነት ሰነድ መፈረም እንደሚቻል ታውቃለች፤ በ2018 ከብራዚል ጋር የፈረመችው ባለሀብት መንግሥትን በግልግል የሚከስበት በር የለውም፤ ቅሬታ በመጀመሪያ ወደ ተሰየመ አካልና ወደ ጋራ ኮሚቴ ይሄዳል፣ ካልሆነ መንግሥት ከመንግሥት ይነጋገራል።

ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ስጋት ሊናቅ አይገባውም። በሥልጣን ያላግባብ የተጎዳ ባለሀብት በአገራችን እንደሌለ አድርገን አንጽፍም፤ ፍርድ ቤቶቻችንም ፈጣን አይደሉም። ነገር ግን ብራዚል በ1990ዎቹ ከፈረመቻቸው 14 ስምምነቶች አንዱንም ሳታጸድቅ ከታዳጊ አገሮች ሁሉ ብዙ ኢንቨስትመንት ከሚገባላቸው አንዷ ሆና ኖራለች። ደቡብ አፍሪካ ለጥቁሮች የማዕድን ባለቤትነት ድርሻ በሚሰጠው ሕጓ የተነሳ ከተከሰሰች በኋላ የአውሮፓ ስምምነቶቿን ከ2012 ጀምሮ አፍርሳ ጥበቃውን በራሷ ሕግ አስገብታለች። የፖለቲካ ሥጋት የሚያስፈራው ኩባንያ በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ካለው የኢንቨስትመንት ዋስትና ድርጅት፣ ከሚጋ፣ ዋስትና መግዛት ይችላል፤ አረቦኑን የሚከፍለውም ራሱ ነው። ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ደግሞ መንግሥት መርጦ፣ በዚያ ውል ብቻ፣ የግልግል አንቀጽ ማስገባት ይችላል።

ክስ ከመጣም የመጀመሪያው ወር ወሳኝ ነው። የውዝግብ ማስታወቂያ ደብዳቤ ሲደርስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የመደራደሪያ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይህ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ የክስ ማስታወቂያ ይመጣል፤ በዩንሲትራል ደንብ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የራስን የግልግል ዳኛ ለመሰየምም እንዲሁ 30 ቀን ነው፤ ካለፈ ሌላ አካል ይሰይምልሃል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱን የመምረጥ መብት በቀጠሮ ማለፍ የሚጠፋ መብት ነው። የአንድ ክስ የጠበቃና የጉባኤ ወጪ በአማካይ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2012 አስልቷል፤ የረታም ወጪውን በሙሉ አያስመልስም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት እነዚህን ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው የማጽደቂያ አዋጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አብሮ አይታተምም። በአንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል የሆነ ሰነድ ዜጋው ሊያነበው ካልቻለ፣ የክልል ቢሮ ሠራተኛ ጠብቀው ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ፍትሕ ሚኒስቴርና የኢንቨስትመንት ኮሚሽን በጋራ አንድ ሠንጠረዥ እንዲያወጡ እንጠይቃለን። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ አገሩ፣ የጸናበት ቀን፣ ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን፣ ማስታወቂያ መስጠት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን፣ ከፈረሰ በኋላ የሚቆይበት ዓመት። ከተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የድረ ገጽ ማህደር የብዙዎቹ ሙሉ ቃል ስለሚገኝ ሥራው ለሁለት ባለሙያ ከአንድ ወር አያልፍም። ጋዜጣችሁ ሠንጠረዡን ቢያገኝ አራተኛውን ዓምድ እንዲያትምልን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በንግድና በኢንቨስትመንት ሕግ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ